የቦርድ ወንበር፦ ሴቶቹ በየት በኩል ይግቡ?

በላስታ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አንድ ትውፊት አለ። ቅዱስ ላሊበላ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኩቶ ለአብ ለቆ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው፣ ወታደሮች ለንጉሡ ማዕድ ብለው የአንድ ድሃ ገበሬ ብቸኛ ላም ይነዳሉ። ይህን የሰማችው ንግሥት መስቀል ክብራ ባሏን ወትውታ ወደ ዙፋኑ መለሰችው ይባላል። የታሪክ ሰዎች ስለዚያ የዙፋን ዝውውር የየራሳቸው ግምት አላቸው፤ እሱን ለነሱ እንተወው። ለዚህ ገጽ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው። በትውፊቱ መስቀል ክብራ ምክር እንጂ ውሳኔ በእጇ አልነበረም። ምክሯ የሚሠራው ንጉሡ እሺ እስካለ ድረስ ነበር።

በነአኩቶ ለአብ ስም የሚጠራው የዋሻ ገዳም ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ይገኛል። በዚያ አካባቢ እንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድሩ፣ ሽመና የሚያሠሩ፣ ጠላና ጠጅ የሚሸጡ ሴቶች የገበያን ክፉና ደግ ያውቁታል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ቱሪስቱን አስቀረው። ከ2013 ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበለች። ይህን ሁሉ ያለፈች የማረፊያ ቤት ባለቤት፣ እንበል፣ ከተረፋት አሥር ሺህ ብር የባንክ አክሲዮን ገዛች። አማራ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ባለአክሲዮኖች እንደነበሩት ይታወሳል፤ ስለዚህ ምሳሌያችን ከአየር ላይ የተያዘ አይደለም። ለመሆኑ ይህች ሴት በገንዘቧ ላይ የሚወስነውን ቦርድ ለመምረጥ ምን ያህል ቃል አላት? እሷን የምትመስል፣ ሒሳብ ተምራ ሃያ ዓመት በሥራ አስኪያጅነት የሠራች ሴትስ በቦርዱ ለመቀመጥ በየት በኩል ትግባ?

የአክሲዮን ማኅበራትን ዓመታዊ ሪፖርት ገልጦ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ፎቶግራፍ ያየ ሰው ጥያቄው ለምን እንደተነሣ ይገባዋል። ከረባት በዝቶ ነጠላ ያነሰበት ገጽ ነው።

በመንግሥት በኩል ጉዳዩ በደብዳቤ ያልቃል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የካቢኔው ግማሽ ሴቶች ሆነ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ወ/ሪት ፍሬሕይወት ታምሩ ኢትዮ ቴሌኮምን እንዲመሩ ተሾመዋል። ሿሚው ከፈለገ በአንድ ቀን ይሆናል። በግሉ ዘርፍ ግን ሿሚ የለም፤ ያለው መራጭ ነው። መራጩም ሰው ሳይሆን አክሲዮን ነው። ብዙዎቹ የሴቶችን ተሳትፎ የሚመለከቱ ዐውደ ጥናቶች የሚስቱት ይህችን ነገር ይመስለናል። ስለ ብቃት፣ ስለ ሥልጠና፣ በራስ ስለ መተማመን ብዙ ይባላል። አክሲዮን ቆጣሪው ግን የምስክር ወረቀት አይቆጥርም።

የእናት ባንክ መንገድ

በአገራችን ለዚህ ጥያቄ ትልቁን መልስ የሰጡት የእናት ባንክ መሥራቾች ናቸው። አሥራ አንድ ሴቶች ተነሥተው አክሲዮን አሸጡ። ባንኩ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያዋ የቦርድ ሰብሳቢ ወ/ሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። እኚህ ሰው ቀደም ሲል የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ሲሆኑ፣ ኋላም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሠርተዋል። ባንኩ ቅርንጫፎቹን በታወቁ ሴቶች ስም መሰየሙ ለዓይን የሚታይ ነገር ነው። ከስያሜው የሚበልጠው ቁም ነገር ግን የአክሲዮን መዝገቡ ላይ ነው፦ ሴቶች በብዛት ገዙ፣ ስለገዙ መረጡ፣ ስለመረጡ ተቀመጡ። ማንም ቸርነት አላደረገላቸውም።

በአማራ ክልልም ከዚህ የሚቀራረብ ነገር ነበር። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም አክሲዮን ማኅበር ከባለአክሲዮኖቹ አንዱ የአማራ ሴቶች ማኅበር ነበር። ይህም የእያንዳንዷን ጥቂት ብር ሳይሆን የማኅበርን ስም ይዞ ጉባኤ የመግባት ዘዴ ነው።

እንግዲህ የእናት ባንክን መንገድ ሁሉም ይከተል ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የባንክ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጎታል። አዲስ ጠረጴዛ ሠርቶ ራስን በወንበሩ ላይ የማስቀመጡ ዘመን አልፏል ቢባል ማጋነን አይደለም። የቀረው ቀድሞ ወደተዘረጋው ጠረጴዛ መግባት ነው።

የቆጠራው ነገር

ሒሳቡን በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የተወሰደ ነው። የአንድ ባንክ የተፈረመ ካፒታል 2 ቢሊዮን ብር ነው እንበል። ግማሹን፣ ማለትም 1 ቢሊዮኑን፣ እያንዳንዳቸው 40 ሚሊዮን ብር ያወጡ 25 ሰዎች ይዘውታል። ሌላውን 1 ቢሊዮን እያንዳንዳቸው 10 ሺህ ብር ያወጡ 100 ሺህ ሰዎች ይዘውታል። በወረቀት እኩል ናቸው። ነገር ግን 25ቱ ሰዎች በአንድ ምሳ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መስማማት ይችላሉ። መቶ ሺዎቹ ከላሊበላ፣ ከሰቆጣ፣ ከደሴ፣ ከጎንደር አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ሊኖርባቸው ነው። ከላሊበላ አዲስ አበባ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመኪናውና የአልጋው ወጪ ከዓመቱ የትርፍ ድርሻ ሊበልጥባቸው ይችላል። ከመቶ ሺው አሥር ሺህ ሰው በአካል ወይም በውክልና ቢገኝ እንኳ የያዘው 100 ሚሊዮን ብር ነው፤ በአዳራሹ ካለው ድምፅ ከመቶ ዘጠኝ እጁ ብቻ።

እዚህ ላይ ነው የውክልና ወረቀት የሚመጣው። የጉባኤ ጥሪ ማስታወቂያዎችን የሚያነብ ሰው የመጨረሻውን አንቀጽ በቃሉ ያውቀዋል፦ በስብሰባው መገኘት የማይችል ባለአክሲዮን ቀደም ብሎ በዋናው መሥሪያ ቤት ቀርቦ የውክልና ቅጽ ይሞላል፣ ወይም በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውክልና ይልካል። ምርጫው የሚያልቀው በጉባኤው ዕለት ሳይሆን በእነዚያ ቀናት ነው። ይህ ጸሐፊ በተገኘበት የአንድ ኩባንያ ጉባኤ ላይ አንዲት የፋይናንስ ኃላፊ ለቦርድ ተጠቆሙ። የሥራ ታሪካቸው ሲነበብ አዳራሹ አጨበጨበ። ድምፅ ሲቆጠር ግን ስማቸው ከታች ቀረ። ያጨበጨበው ሰው ነበር፤ የተቆጠረው ግን ቀደም ብሎ በቦርሳ የተሰበሰበው ወረቀት ነው። ሕገወጥ ነገር አልተሠራም። ያልሠሩት ሴትዮዋ ናቸው፤ ማንም ደግሞ አልነገራቸውም።

ሁለት ሲሶዎች

ሕጉ ባለፉት ዓመታት ሁለት በሮች ከፍቷል፤ ሁለቱም ሲሶ ናቸው።

የመጀመሪያው የባንኮች ነው። በባንክ ሕግ ከተፈረመው ካፒታል ሁለት በመቶና ከዚያ በላይ የያዘ ሰው ተጽዕኖ ፈጣሪ ባለአክሲዮን ይባላል። ብሔራዊ ባንክ በ2011 ዓ.ም. ባወጣው የባንኮች አስተዳደር መመሪያ ከቦርዱ አባላት ሲሶው ተጽዕኖ ፈጣሪ ባልሆኑ ባለአክሲዮኖች ብቻ እንዲጠቆሙና እንዲመረጡ አደረገ። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ቦርዱ ዘጠኝ ወንበር ካለው ሦስቱን ሲመርጡ 25ቱ ባለ 40 ሚሊዮኖች ከቆጠራው ይወጣሉ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 1,000 ብር ከሆነ በአዳራሹ የተገኙት አሥር ሺህ ሰዎች 100 ሺህ ድምፅ አላቸው። ከነዚህ ውስጥ የሦስት ሺህ ባለአክሲዮኖችን ውክልና የያዘች ዕጩ 30 ሺህ ድምፅ ይዛ ትገባለች። ይህ ብርቱ ተፎካካሪ ያደርጋታል። ሦስት ሺህ ሰው ደግሞ የሁለት ሦስት ከተማ ዕቁብ፣ ማኅበርና የነጋዴ ትውውቅ ነው። ለላስታዋ የማረፊያ ቤት ባለቤት አሥር አክሲዮኗ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

የባንክ መመሪያ ቶሎ ቶሎ የሚሻሻል መሆኑን አንባቢ አይርሳ። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያም የባንኮችን አስተዳደር የሚመለከት አዲስ መመሪያ ወጥቷል። ስለዚህ ከማንኛውም ጥቆማ በፊት አስመራጭ ኮሚቴው በየትኛው መመሪያ፣ በስንት ወንበር እንደሚያስመርጥ በጽሑፍ ቢጠየቅ ይሻላል። የተመረጠውም ሰው ብሔራዊ ባንክ ካላጸደቀው ወንበሩ ላይ አይቀመጥም።

ሁለተኛው በር የንግድ ሕጉ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበርን የሚያስተዳድሩት አባላቱ ብቻ ናቸው ይል ነበር። አክሲዮን የሌላት ሴት የቱንም ያህል ብታውቅ በሩ ተዘግቶባት ኖሯል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ይህን ለወጠው። ከቦርዱ አባላት እስከ ሲሶ የሚደርሱት ባለአክሲዮን ያልሆኑ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ባንክና ኢንሹራንስ የራሳቸው ልዩ ሕግ ስላላቸው በቅድሚያ እሱ ይታይ። ለሲሚንቶው፣ ለቢራው፣ ለሆቴሉና ለሪል ስቴቱ ኩባንያ ግን በሩ ክፍት ነው። በደመወዝ ኖራ ካፒታል ያላጠራቀመች፣ ነገር ግን ኦዲትና ብድር፣ ግዥና ሕግ ጠንቅቃ የምታውቅ ባለሙያ ይህ ሲሶ የተሰፋው በልኳ ነው። መክፈት ሌላ፣ ማስገባት ሌላ ነውና፣ እዚህም ቢሆን የሚመርጣት ባለአክሲዮኑ ነው። ትልልቆቹ ባለአክሲዮኖች ካላወቋት ስሟ ከዕጩዎች ዝርዝር አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመውና ኤዊብ በሚል አጠራር የሚታወቀው የሴት የሥራ መሪዎች ማኅበር የመሰሉ መድረኮች ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው። ሴቶች ከሴቶች ጋር ብቻ ከተዋወቁ ግን ነገሩ ግማሽ መንገድ ይቀራል፤ አክሲዮኑ ያለው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነውና።

ውጭ አገር እንዴት ሆነ?

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሕግ የሕዝብ አክሲዮን ኩባንያዎች ቦርድ ቢያንስ 40 በመቶ ከየጾታው እንዲኖረው አዘዘች። ያላሟላ እስከ መዝጋት ይደርስበታል ተባለ፤ በ2008 ኮታው ሞላ። ሕጉን ለመሸሽ የኩባንያቸውን ዓይነት የለወጡም ነበሩ። ህንድ በ2013 የኩባንያዎች ሕጓ የተወሰኑ ኩባንያዎች ቢያንስ አንዲት ሴት ዳይሬክተር እንዲኖራቸው ስታስገድድ፣ አንዳንድ የቤተሰብ ኩባንያዎች ሚስትና ልጃቸውን አስቀመጡ። እዚህም ባል በሚስቱ ስም አክሲዮን የሚገዛበት አገር ስለሆነ ይህ ለኛ እንግዳ አይሆንም። በአሜሪካ ናስዳክ በ2021 ያስጸደቀውን የቦርድ ስብጥር ደንብ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሽሮታል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2022 ወደ 40 በመቶ የሚያደርስ መመሪያ አውጥቷል። ዓለም በአንድ መንገድ እየሄደ አይደለም።

ሴት ያለችበት ቦርድ ብዙ ያተርፋል ወይ ለሚለው የነጋዴ ጥያቄ የተጠናው ነገር አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። ያተርፋል ብሎ የሚምል ሰው ሲያጋጥማችሁ ምን ሊሸጥላችሁ እንደመጣ ጠይቁት። ለዚህ ጸሐፊ የሚያሳምነው ምክንያት ከዚያ ቀለል ያለ ነው። ቦርድ ስለ ትልቅ ብድር፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ሥራ አስፈጻሚ ሹመት ይወስናል። ሁሉም አባላት በአንድ ሠፈር የሚነግዱ፣ እርስ በርስ የሚበዳደሩ ሰዎች ከሆኑ፣ አንዱ ለሌላው የሚያቀርበውን ጥያቄ ደፍሮ የሚመረምር አይገኝም። ከዚያ ክብ ውጭ የመጣ ሰው፣ ሴትም ትሁን የክፍለ ሀገር ነጋዴ፣ ቢያንስ ጥያቄ ይጠይቃል።

ጊዜውም እየገፋ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. በይፋ ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። የውጭ ባንኮችን የሚያስገባው አዋጅም ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በታኅሣሥ ወር ጸድቋል። አክሲዮን በደላላና በትውውቅ ሲሸጥ የቦርዱን ስም ዝርዝር የሚጠይቅ ገዥ ጥቂት ነበር። በገበያ ሲሸጥ ግን ገዥው ሻጩን ስለማያውቀው ወረቀቱን ያነባል።

ለቦርድ የምታስብ ባለሙያ፣ ወይም እንዲህ ያለችዋን ማስመረጥ የሚፈልግ ባለአክሲዮን፣ ሥራውን የሚጀምረው ከጉባኤው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ነው። በመጀመሪያ የአስመራጭ ኮሚቴው አባላት እነማን እንደሆኑና መቼ እንደተመረጡ ይታወቅ። ቀጥሎ ቦርዱ የጎደለው ሙያ ምን እንደሆነ ከዓመታዊ ሪፖርቱ ይነበብ፤ ስድስት ነጋዴና ሁለት መሐንዲስ ባለበት ቦርድ የኦዲት ሰው ይፈለጋል፤ ዕጩዋም በዚያ ስም ትቅረብ እንጂ በሴትነቷ ብቻ አትቅረብ። ከዚያ ውክልናው ነው። ላሊበላ፣ ወልዲያና ደሴ ያሉ ትናንሽ ባለአክሲዮኖች ቅጹን ባዶ ፈርመው ለቅርንጫፍ ሠራተኛ ከሚሰጡ፣ የሚያውቁትን ሰው ስም ጽፈው በሰነዶች ማረጋገጫ ያስጸድቁ። የጥቆማው መዝጊያ ቀን በጋዜጣው ማስታወቂያ ግርጌ በትናንሹ ይጻፋል፤ ካለፈ በኋላ የሚቀበል ኮሚቴ የለም።