ዳኛ የሌለበት የዓለም ሻምፒዮና



እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2024 ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶችን የያዙ ብሔራዊ ቡድኖች በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ተሰብስበው ነበር። የመጡት ለዓለም የወጣቶች የአልቲሜት ሻምፒዮና ነው። ማሊያቸው ላይ የአገራቸው ስም አለ፤ አሰልጣኝ አላቸው፤ አምበል አላቸው። በዚህ ውድድር የሌለው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ዳኛ። የመሃል ዳኛ የለም፣ የመስመር ዳኛ የለም፣ ቢጫና ቀይ ካርድም የለም። ጥፋት ተሠራ ወይስ አልተሠራም የሚለውን የሚወስኑት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። በፍጻሜ ጨዋታም ቢሆን ሕጉ ይኸው ነው።

እኛ የግቢ ኳሳችንን ስንጫወት ክርክሩ ምን ያህል እንደሚከር ሁላችንም እናውቃለን። «አውት ነው!» «አይደለም!» ተብሎ ስንት ደቂቃ ይባክናል? ታዲያ የ18 ዓመት ልጆች ለአገራቸው ሲጫወቱ፣ ያውም ቋንቋ ሳይግባቡ፣ ያለ ዳኛ እንዴት ይጨርሱታል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን በመጀመሪያ ጨዋታውን እንወቀው።

ከመኪና ማቆሚያ የተነሳ ጨዋታ

አልቲሜት የሚጫወቱት በኳስ ሳይሆን ብዙዎቻችን «ፍሪስቢ» በምንለው ዝርግ የፕላስቲክ ዲስክ ነው። ጨዋታውን የጀመሩት ታላላቅ ተቋማት አይደሉም፤ ተማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሜፕልዉድ በምትባል ከተማ የሚገኘው የኮሎምቢያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጀመሩት። ሐሳቡን ያመጣው ጆኤል ሲልቨር የተባለ ተማሪ ሲሆን በኋላ በሆሊዉድ የታወቀ የፊልም ፕሮዲውሰር ሆኗል። ልጆቹ ማታ ማታ በትምህርት ቤቱ የመኪና ማቆሚያ፣ በመብራት ይጫወቱ ነበር። በ1970 ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ገጠሙ። ኅዳር 6 ቀን 1972 ደግሞ ሩትገርስና ፕሪንስተን የተባሉት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያውን የዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ አደረጉ፤ ሩትገርስ 29 ለ 27 አሸነፈ።

ዛሬ ስፖርቱን የሚመራው በ1985 የተመሠረተው የዓለም የዲስክ ስፖርቶች ፌዴሬሽን ነው። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2015 ሙሉ እውቅና ሰጥቶታል፤ ሆኖም አልቲሜት የኦሎምፒክ ውድድር አልሆነም። የወጣቶች ሻምፒዮናው በተለያዩ ምድቦች ይካሄዳል። የ2018ቱ በካናዳ ዋተርሉ፣ የ2022ቱ በፖላንድ ቭሮትስዋፍ ነበር፤ የ2020ው በኮሮና ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል። በአብዛኞቹ አገሮች የስፖርቱ ማኅበራት ገንዘብ ስለሌላቸው ለብሔራዊ ቡድን የተመረጠ ልጅ የአውሮፕላን ትኬቱንና የመመዝገቢያውን ወጪ ከቤተሰቡና ከወዳጆቹ አሰባስቦ ነው የሚሄደው።

ሕጉ ባጭሩ

ሜዳው 100 ሜትር ርዝመትና 37 ሜትር ስፋት አለው። በሁለቱም ጫፍ 18 ሜትር የሚያህል የነጥብ ክልል አለ። በእያንዳንዱ ቡድን 7 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ዓላማው ዲስኩን እየተቀባበሉ ሄዶ በተቃራኒ ቡድን የነጥብ ክልል ውስጥ መቅለብ ነው፤ ይህም 1 ነጥብ ያስገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ 15 ነጥብ ያስቆጠረ ያሸንፋል።

ዲስክ የያዘ ሰው መሮጥ አይችልም፤ አንድ እግሩን ተክሎ ለጓደኛው መወርወር አለበት። ከፊቱ የሚከላከለው ተጫዋች ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ 10 ሰከንድ ይቆጥራል። አስር ሲባል ካልወረወረ ዲስኩ ለተቃራኒ ቡድን ያልፋል። መሬት ከወደቀ፣ ከመስመር ከወጣ ወይም ተከላካይ ካጨናገፈውም እንዲሁ። መገፋፋትና መጋጨት አይፈቀድም። ልብስን በተመለከተ ሕጉ የሚጠይቀው ቡድኑን የሚለይ እንዲሆን፣ ማንንም የማይጎዳና የማያደናቅፍ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪና ሒጃብ ለብሶ መጫወት ከሕጉ ጋር አይጋጭም።

ዲስኩ ለምን አይወድቅም?

ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ጥቂት ልጨምር። የውድድር ዲስክ ክብደቱ 175 ግራም፣ ስፋቱ ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ነው። ሲወረወር እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይሠራል፤ አየሩን ወደ ታች ስለሚያዘነብለው አየሩ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ችግሩ ይህ ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል የሚያርፈው ከዲስኩ መሃል ትንሽ ወደ ፊት ነው። ሳይሽከረከር ብትወረውረው አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ይልና ይገለበጣል። የሚያድነው ሽክርክሪቱ ነው። የሚሽከረከር ነገር አቅጣጫውን በቀላሉ አይለቅም፤ ስለዚህ ግልበጣው ቀርቶ ዲስኩ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ያዘነብላል። ጫፉ ወፍራም የሆነውም ለዚሁ ነው፤ ክብደቱ ከመሃሉ በራቀ ቁጥር ሽክርክሪቱ ይጸናል። ጀማሪ ክንዱን ሲያምን ጎበዝ ተጫዋች አንጓውን ያምናል የሚባለው ለዚህ ነው።

ክርክሩ እንዴት ይፈታል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ውጤቱ 14 ለ 14 ነው እንበል። አንዲት አጥቂ በነጥብ ክልሉ ውስጥ ዲስኩን ልትቀልብ ስትዘል ተከላካይዋ ክንዷን ነካቻትና ዲስኩ ወደቀ። አጥቂዋ «ጥፋት!» ትላለች፤ ጨዋታው ይቆማል። ሁለቱ ተነጋግረው ተከላካይዋ «አዎ፣ ነክቼሻለሁ» ካለች አጥቂዋ እንደቀለበች ተቆጥሮ ጨዋታው ያበቃል፤ የተከላካይዋ ቡድን ተሸነፈ ማለት ነው። «አልነካሁሽም» ካለች ደግሞ ዲስኩ ወደ ወርዋሪዋ ተመልሶ ውርወራው ይደገማል። በተሻለ ቦታ ሆነው ያዩ ተጫዋቾችን መጠየቅ ይቻላል። በትልልቅ ውድድሮች ላይ ሕጉን የሚያስረዱ አማካሪዎች ሜዳው ዳር ይቆማሉ፤ ውሳኔ ግን አይሰጡም።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ «ታዲያ የሚዋሽ ይጠቀማላ!» ማለቱ አይቀርም። እውነት ነው። ተከላካይዋ ብትክድ ቢያንስ ያንን ነጥብ ታድናለች። ሕጉ ይህን ቀዳዳ ያውቀዋል፤ የሚደፍነውም በሁለት መንገድ ነው።

አንደኛው፣ ክህደት የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ እንዲሆን ማድረግ ነው። ካጅዋ ዲስኩን አታገኝም፤ ውርወራው ይደገማል እንጂ። ያላግባብ «ጥፋት» ብላ የምትጮህም ነጥብ አታገኝም፤ ተከላካይዋ ካልተስማማች እሷም ወደ ድጋሚው ነው የምትመለሰው። ዋሽቶ ሙሉ በሙሉ ማትረፍ አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ መስጠት ነው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ እያንዳንዱ ቡድን ቁጭ ብሎ ተጋጣሚውን በአምስት ጥያቄዎች ይመዝናል። ሕጉን ያውቃሉ፣ ይጠቀሙበታልስ? ከጥፋትና ከግጭት ተቆጥበዋል? ሚዛናዊ ነበሩ? ስሜታቸውን ገዝተው በመልካም ሁኔታ ተጫወቱ? በአግባቡ ተነጋገሩ? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል። 2 ማለት «እንደሚጠበቀው፣ ጥሩ» ማለት ነው፤ ስለዚህ ከ20 ውስጥ 10 ያገኘ ቡድን አላጠፋም። በውድድሩ መጨረሻ በዚህ ሚዛን አንደኛ የወጣው ቡድን ከዋንጫው ሌላ የራሱ ሽልማት አለው። አንድ ቡድን በሜዳ አንደኛ፣ በዚህኛው መጨረሻ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በይፋ ይታያሉ። ይህ ሁሉ «የጨዋታው መንፈስ» ይባላል፤ በየቡድኑም ይህንኑ የሚከታተል ለብቻው የተመደበ አምበል አለ።

ሁሉም ሰው ግን በዚህ አይስማማም። በ2012 በአሜሪካ የተጀመረው የፕሮፌሽናል ሊግ ዳኛ ይጠቀማል። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም፤ ተመልካች ከፍሎ ገብቶ የተጫዋቾችን ክርክር ቆሞ ማየት አይወድም፤ ክርክሩ በበዛ ቁጥርም ጨዋታው ይጓተታል። ዳኛ ሲኖር ፍጥነት ይገኛል። የሚጠፋውም ነገር አለ። ዳኛ ባለበት ሜዳ የተጫዋቹ ጥያቄ «አጥፍቻለሁ ወይ?» መሆኑ ይቀርና «አይቶኛል ወይ?» ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዳኛውን ማታለል እንደ ችሎታ ይቆጠራል፤ በእግር ኳስ ያልተነካ ተጫዋች ሲወድቅ እያየን የምንስቀው ለምዶብን ነው። ዳኛ በሌለበት ግን የምትዋሸው ፊት ለፊትህ ቆሞ የሚያይህን፣ እውነቱንም የሚያውቀውን ልጅ ነው። ፌዴሬሽኑ በወጣቶች ውድድር ላይ ይህን ሥርዓት ያልተወው ትርጉም ያለው ይመስለኛል፤ በ17 ዓመቱ «አዎ፣ ነክቼሃለሁ» ብሎ አገሩን ነጥብ ያስጣለ ልጅ ይህን ነገር ከሜዳ ውጭም ይዞት ይሄዳል።

እኛስ?

ይህን ለመሞከር ብሔራዊ ቡድን አያስፈልግም። አንድ ዲስክ፣ ለምልክት የሚሆኑ ጥቂት ጫማዎችና 10 ሰው ይበቃል፤ ሜዳው ጠባብ ከሆነ 5 ለ 5 መጫወት ይቻላል። ግጭት ስለሌለበት ጉልበት ብቻውን አያሸንፍም። እህቶችም ለብቻቸው ቡድን ሠርተው ሊጫወቱት ይችላሉ። መጀመሪያ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ መወርወርና መቅለብ ተለማመዱ። ነፋስ ሲኖር ዲስኩን ዝቅ አድርጋችሁ፣ አሽከርክራችሁ ልቀቁት። ከዚያ ሕጉን አንድ ጊዜ አብራችሁ አንብቡና ግቡ።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች አትዝለሉ። ሁለቱ ቡድኖች አንድ ላይ በክብ ቁሙና አምስቱን ጥያቄዎች እርስ በርስ ተጠያየቁ። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፤ ሁሉም «ጥሩ ነበር» ብሎ ማለፍ ይፈልጋል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን አንዱ ተነስቶ «ያን ጊዜ ከመስመር ወጥቼ ነበር፤ ዝም አልኩ» ይላል። ጨዋታው በትክክል የሚጀመረው ያን ቀን ነው።