ተራራው የማን ነው?

ለእኛ አገር ሰው ተራራ መውጣት መዝናኛ ሆኖ አያውቅም፡፡ ተራራ የሚወጣው ወይ ለቅሶ ሊደርስ፣ ወይ ገበያ ሊውል፣ ወይ ስለት ሊያስገባ፣ ካልሆነም ከጠላት ሊሸሽ ነው፡፡ በ2008 ዓ.ም. እኔና ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ከወልድያ እየተነሳን ወደ ጉባ ላፍቶ ኮረብታዎች መውጣት ስንጀምር የጎረቤቶቻችን የመጀመሪያ ጥያቄ ‹‹ማን ሞተ?›› የሚል ነበር፡፡ ማንም አለመሞቱን ስንነግራቸው ይባስ ብለው ደነገጡ፡፡

ነገሩ ወዲህ ነው፡፡ ሐኪም ‹‹ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ተራመድ›› አለኝ፡፡ ብቻዬን መራመድ ሰለቸኝና ባለቤቴን ለመንኳት፡፡ እሷ የሀብሩ ልጅ ናት፡፡ ከመርሳ በላይ ባለው ዳገት ሥር ነው ያደገችው፡፡ በልጅነቷ የቆላውን ማሽላ ተሸክማ ደጋ ወዳሉት ዘመዶቿ ትወጣና ገብስና ባቄላ ይዛ ትወርድ ነበር፡፡ ‹‹እኔ ተሸክሜ የኖርኩበትን ዳገት አንተ ባዶ እጅህን ልትወጣው ነው? በል እሺ፣ እናያለን›› ብላ ተከተለችኝ፡፡ ተከተለችኝ ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፊት የምትሄደው እሷ ናት፡፡

ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ስኳሬ አይደለም፡፡ አንድ ቅዳሜ ከከተማችን ብዙም በማይርቅ፣ እንዲያገግም ተብሎ በተከለለ ተራራ ላይ ስንወጣ ጥበቃው አንዲት እናት ይዞ አገኘን፡፡ ማጭዷንና አንድ እስር ሣር ቀምቷታል፡፡ እኛን ግን ‹‹ደህና ዋላችሁ›› ብሎ አሳለፈን፡፡ ጥቂት እንደሄድን ባለቤቴ ቆም አለችና ‹‹አንተ የሕግ ሰው ነህ፤ ይህ ተራራ የማን ነው?›› አለችኝ፡፡ እኔም በኩራት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 ጠቅሼ ‹‹የመንግሥትና የሕዝብ›› አልኳት፡፡ እሷም ‹‹ታዲያ እሷ ሕዝብ አይደለችም?›› ብላ መንገዷን ቀጠለች፡፡ መልስ አልነበረኝም፡፡ ከዚያ ወዲህ የወጣናቸው ተራሮች ሁሉ ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንም፡፡

ሕጉ ምን ይላል?

አንድ ቦታ ብሔራዊ ፓርክ የሚሆነው ውብ ስለሆነ ብቻ አይደለም፡፡ በሕግ ተከልሎ፣ ወሰኑ ተለይቶ፣ አስተዳዳሪው ተሰይሞ ነው፡፡ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በነጋሪት ጋዜጣ ታውጆ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በንጉሡ ዘመን ነው፡፡ ከዚያ በኋላ የወጣው ዋናው ሕግ ደግሞ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ሲሆን፣ ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 163/2001 ነው፡፡ እንደ ሰሜን ተራሮች ያሉት አገር አቀፍና ዓለም አቀፍ ፋይዳ ያላቸው ፓርኮች በፌዴራሉ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሥር ይተዳደራሉ፤ ሌሎቹ የክልሎች ናቸው፡፡ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ ማደን፣ ማረስ፣ ከብት ማሰማራት፣ ዛፍ መቁረጥና እሳት መለኮስ ክልክል ነው፡፡

በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ አለ፡፡ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 4 አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብቱን ያውጃል፡፡ አንቀጽ 44 በመጀመሪያ ንዑስ አንቀጹ ሁላችንም በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አለን ይላል፤ በሁለተኛው ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣ ወይም አማራጭ ማካካሻ፣ መዛወርንም ጨምሮ፣ የማግኘት መብት አላቸው ይላል፡፡ አንቀጽ 92 በበኩሉ ፖሊሲውና ፕሮጀክቱ በቀጥታ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይደነግጋል፡፡ እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ዋልያውና አርሶ አደሩ በአንድ ሕገ መንግሥት ጥላ ሥር ናቸው፡፡ ክርክሩ የሚነሳው ሁለቱ አንድ ገደል ላይ ሲገናኙ ነው፡፡

ቧሂት ያስተማረኝ

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የዓመት ፈቃዳችንን ይዘን ወደ ሰሜን ተራሮች ሄድን፡፡ ከወልድያ በድልብ ዳገት ወጥቶ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦርና በወረታ አድርጎ ጎንደር የሚያስገባውን የቻይና መንገድ ይዘን ጎንደር አደርን፡፡ በማግሥቱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ደረስን፡፡ እዚያ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አለ፡፡ ጎብኚ ተመዝግቦ፣ የመግቢያ ከፍሎ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ተመድቦለት ነው የሚገባው፡፡ ስካውቶቹ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፡፡ አስጎብኚ የሚፈልግም እዚያው ያገኛል፡፡

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ፡፡ ቸኩዬ ነበር፡፡ ከሁለት ሺህ ሜትር ብዙም ከማትበልጠው ጎንደር ተነስተን፣ ሳንቃበርን በመኪና አልፈን፣ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ጨነቅ ሰፈር በአንድ ቀን ደረስን፡፡ በበነጋው ማለዳ በቀጥታ ወደ ቧሂት አናት ልውጣ አልኩ፡፡ ቧሂት 4,430 ሜትር ነው፤ ከራስ ደጀን በስተቀር ከሰሜን ተራሮች ጥቂቶች ብቻ ናቸው የሚስተካከሉት፡፡ እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ስድሳ በመቶ ገደማ ብቻ ነው፡፡ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፡፡ ሰውነት ይህንን የሚለምደው በቀናት እንጂ በሰዓታት አይደለም፡፡ ቅዝቃዜውም ሌላ ጣጣ ነው፡፡ በየመቶ ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ ወልድያ ሃያ አምስት ዲግሪ በሆነ ቀን ቧሂት አናት ላይ አሥር ገደማ ነው፤ ነፋሱ ሳይቆጠር፡፡

ጫፉ እየታየን ራሴን ይወጋኝ፣ ያቅለሸልሸኝ ጀመር፡፡ ‹‹ትንሽ ነው የቀረን›› አልኩ፡፡ ስካውቱ ፊቴን አየና ለባለቤቴ ‹‹እትዬ፣ ጋሼ ይውረዱ›› አላት፡፡ እሷም እጄን ይዛ አዞረችኝ፡፡ ‹‹ተራራው የትም አይሄድም›› ነበር ያለችው፡፡ የከፍታ ሕመም የያዘው ሰው ዋናው መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ እያመመው መውጣቱን የሚቀጥል ግን በሕይወቱ ይፈርዳል፡፡ ወርደን፣ ውኃ ጠጥተን፣ አንድ ቀን ሙሉ ጨነቅ አካባቢ ዝቅ ብለን ዋልን፡፡ በሦስተኛው ቀን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስተን፣ በዝግታ ወጥተን፣ ከእኩለ ቀን በፊት ከቧሂት አናት ቆምን፡፡ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ገደሉን ስለሚሸፍነው፣ ጫፍ ተደረሰም አልተደረሰ ስድስት ሰዓት ሲሆን ፊትን ማዞር ነው፡፡ ሲወርዱ ደግሞ ጉልበት ይፈተናል፤ የከዘራን ጥቅም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፡፡

ያየነውን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል፡፡ ጅብራው እንደ ዘብ ቆሟል፡፡ ጭላዳው በመቶዎች ሆኖ ሣር ይነጫል፡፡ ከገደሉ ወገብ ላይ ሦስት ዋልያ አየን፡፡ በዓለም ላይ ዋልያ በተፈጥሮ የሚኖረው እዚያው ሰሜን ብቻ ነው፡፡

የግጭ ባዶ ቤቶች

በማግሥቱ 3,926 ሜትር ወደሚሆነው እሜት ጎጎ ሄድን፡፡ ከእሜት ጎጎ ገደል አፋፍ ቆሞ ቆላውን ቁልቁል ማየት ሰማይ ላይ እንደ መቆም ነው፡፡ ወደዚያ ሲኬድ ግን ግጭ አለ፡፡ ግጭ በፓርኩ እምብርት የነበረ፣ ገብስ እያረሰ የሚኖር ትልቅ መንደር ነበር፡፡ በ2008 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ፣ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች፣ ተነስተው ደባርቅ ከተማ ዳር እንዲሰፍሩ ተደረገ፡፡ እኛ ስንደርስ የቤት መሠረት፣ የድንጋይ አጥርና ሣር የወረሰው ማሳ ብቻ ቀርቶ ነበር፡፡

ምክንያቱን ማወቅ ተገቢ ነው፡፡ ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፡፡ በ1996 ግን የዋልያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር መመናመኑን፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋቱን፣ በፓርኩ ውስጥ መንገድ መሠራቱን አይቶ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር አስገባው፡፡ ከዚያ ለመውጣት ብዙ ተሠርቷል፡፡ መጀመሪያ 136 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የነበረው ፓርክ ወሰኑ ተከልሶ 412 ደረሰ፣ መንደሮች ከወሰኑ ውጪ እንዲሆኑ ተደረገ፣ ግጭም ተነሳ፡፡ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ፡፡ በወረቀት ላይ ድል ነው፡፡

ስካውታችንን ‹‹ይህንን መንደር ታውቀዋለህ?›› አልኩት፡፡ ‹‹ያቺ የአጎቴ ቤት ነበረች›› አለኝ፣ በጠመንጃው አፈሙዝ ሳይሆን በአገጩ እያመለከተ፡፡ ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም፡፡ ባለቤቴ ግን ‹‹ካሣ ተከፈላቸው?›› አለችው፡፡ ‹‹ተከፍሏቸዋል፡፡ ብር ግን ገብስ አያበቅልም እትዬ›› አላት፡፡

ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ የሕግ መጻሕፍት የበለጠ አስተማረችኝ፡፡ የሕግ ትምህርት ቤት ‹‹ተመጣጣኝ ካሣ›› የሚለውን ቃል ስንማር በብር ነበር የምናስበው፡፡ ከእርሻ ሌላ የማያውቅ ሰው ከተማ ዳር ገንዘብ ይዞ ሲቀመጥ ገንዘቡ በሁለት ዓመት ያልቃል፤ ሙያው ግን ተራራው ላይ ቀርቷል፡፡ ዘግይቶም ቢሆን ሕጉ ይህንን ተገንዝቧል፡፡ የቀድሞውን አዋጅ 455/1997 የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሣ መክፈልን ብቻ ሳይሆን ተነሺዎችን መልሶ ማቋቋምንም ግዴታ አድርጎታል፡፡ ለግጭ ሰዎች ግን አዋጁ የመጣው እነሱ ከተነሱ በኋላ ነው፡፡

ሌላም መንገድ አለ

ለመሆኑ ተራራን መጠበቅ የሚቻለው ሰውን በማስነሳት ብቻ ነው? አይደለም፡፡ መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ሜዳ ለአራት መቶ ዓመት ገደማ የተጠበቀው በቄሮ ሥርዓት ነው፡፡ የመሬቱ ባለድርሻዎች አለቃ መርጠው፣ ሣሩ የሚታጨድበትንና ተዘግቶ የሚቆይበትን ዘመን ራሳቸው ይወስኑ ነበር፡፡ በ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፡፡ ሣሩም ተበላሸ፤ በኋላ ግን ሰዎቹ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሰው አቋቋሙት፡፡ እዚያ ቀይ ቀበሮ ዛሬም አለ፡፡ በዓለም ላይ የቀረው ከአምስት መቶ ብዙም የማይበልጥ መሆኑን ስናስብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፡፡

እኛም ጋ፣ በሰሜን ወሎ፣ ከላሊበላ በላይ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚወጣው አቡነ ዮሴፍ አለ፡፡ እሱም ማኅበረሰቡ የሚሳተፍበት የጥበቃ ሥፍራ ነው፤ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም አለው፡፡ ከላሊበላ ተነስቶ አሸተን ማርያም ደርሶ መመለስ ለግማሽ ቀን ጥሩ ነው፡፡ ወደ አቡነ ዮሴፍ ጫፍ ግን ማደር ያስፈልጋል፤ ማደሪያውን የሚያስተናግዱት፣ በቅሎ የሚያከራዩት፣ እንጀራ የሚጋግሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፡፡ እኔና ባለቤቴ በ2011 ዓ.ም. ስንወጣ በቅሎ ያከራየን ሽማግሌ ‹‹ቀበሮዋ ድሮ በግ ሰራቂ ነበረች፣ አሁን እንግዳ አምጪ ሆናለች›› ብለው አስቀውናል፡፡ ቀልድ አይምሰላችሁ፤ ፖሊሲ ማለት ይህ ነው፡፡

ታዲያ ምን ይሁን?

ይህንን ሁሉ የምጽፈው ተራራ የሚወጣበት ዘመን ሆኖ አይደለም፡፡ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወልድያ ደርሶ ከተማዋ እስከ 2014 ታኅሣሥ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትቆይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያረፍንባቸው ኮረብታዎች ምሽግ ሆኑ፡፡ እንግዳ ሲቀር የአስጎብኚው፣ የባለ በቅሎው፣ የእንጀራ ጋጋሪዋ ገቢም ቀረ፡፡ ሰሜን ተራሮችም ከጦርነቱ አላመለጡም፤ የዋልያው ቁጥር ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው በእጅጉ ወርዷል፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ምክንያት ደግሞ የእኔና የባለቤቴ ጫማዎች አልጋ ሥር ናቸው፡፡

ነገር ግን ሰላም ሲመጣ የሚጠይቀን አለ፡፡ ያን ጊዜ ከመርሳ በላይ ያሉትን ዳገቶች እንከልል፣ ጎብኚ እናምጣ የሚል ሐሳብ መነሳቱ አይቀርም፡፡ ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ፡፡ ሦስት ነገር ግን አስቀድሞ ይጻፍ፡፡ አንደኛ፣ ወሰን ከመትከል በፊት ውይይት ይሁን፤ ውይይት ማለት ስብሰባ ጠርቶ ውሳኔ ማንበብ አይደለም፡፡ ሁለተኛ፣ ሣር የሚታጨድበት፣ ውኃ የሚቀዳበት፣ ለቅሶ የሚኬድበት መንገድ በደንቡ ላይ በስም ይጠቀስ፡፡ ሦስተኛ፣ ከመግቢያው ገንዘብ ስንቱ ለቀበሌው እንደሚሆን ይወሰን፤ ሒሳቡም በገበያ ቀን በአደባባይ ይነበብ፡፡

ባለቤቴ ቧሂት ላይ ‹‹ተራራው የትም አይሄድም›› ብላ ነበር፡፡ እውነቷን ነው፡፡ ዋልያው ግን ይሄዳል፣ ቀበሮውም ይሄዳል፣ የግጭ ሰውም ሄዷል፡፡ ያቺን ማጭዷን የተቀማች እናት ከዚያ በኋላ አላየኋትም፡፡ ባገኛት ‹‹ተራራው የመንግሥትና የሕዝብ ነው›› የሚለውን አንቀጽ ሳይሆን፣ ሣሩን መቼ ማጨድ እንደምትችል የተጻፈበትን ወረቀት ባሳያት ደስ ይለኛል፡፡

ቸር ያሰንብተን፡፡