ከቱዊተሩ በፊት ካፓሲተሩ

ወልድያ ውስጥ ስፒከር የሚያስጠግን ሰው አቤቱታው ብዙም አይለያይም። «ድምፁ ታፈነ» ይላል፤ ወይም «ይጮኻል እንጂ ቃሉ አይሰማም»። መድኃኒቱንም ራሱ አዝዞ ነው የሚመጣው፦ «ቱዊተሩን አውጣና ደህና ቱዊተር ግጠምልኝ።» ከመርሳና ከሀብሩ ገጠር በሚኒባስ ጭነው የሚመጡት ደግሞ አንዳንዴ አዲሱን ቱዊተር ቀድመው ገዝተው፣ በፌስታል አንጠልጥለው ነው። እንጀራዬ መግጠም ቢሆንም፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የማደርገው ያንን ፌስታል ወደ ጎን ማስቀመጥ ነው።

ቱዊተር ወፍራሙን ድምፅ ከሚያወጣው ከትልቁ ቮፈር በላይ የምትቀመጠው ትንሿ ስፒከር ናት። በቤት ስፒከሮች ላይ ድርሻዋ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ኸርዝ ገደማ ወደ ላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ነው። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ዘፋኝ መች እዚያ ድረስ ይወጣል?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ዜማው እዚያ አይደርስም። እዚያ ያሉት የ«ሰ»፣ የ«ሸ»፣ የ«ጸ»ና የ«ጨ» ፉጨቶች ናቸው። እነሱ ሲጎድሉ ዜማው ይቀራል፣ ግጥሙ ይጠፋል። የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ የሚያሰማው፣ የጭብጨባው ስንጥቅታ፣ የጽናጽሉ ቅጭልታም እዚያው ናቸው።

የማያምነኝን ሰው በበገና አሳምነዋለሁ። በገና ወፍራም ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው፤ ማንም ቢጠየቅ «የቮፈር ሥራ ነው» ይላል። ግን በየጅማቱና በበርኩማው መካከል እንዝራ የሚባሉ ትንንሽ ቁራጭ ቆዳዎች ይገባሉ፤ ጅማቱ ሲደረደር ከነሱ ጋር እየተነካካ ይነዝራል። በገናን በገና የሚያሰኘው ያ ንዝረት ደግሞ ከጅማቱ ድምፅ በብዙ እጥፍ ወደ ላይ ይወጣል። የቱዊተሯን ሽቦ ነቅዬ ሳሰማቸው በገናው ተራ ክራር ይመስላል፤ መልሼ ስሰካው ነገሩ ይገባቸዋል። ሀብሩ በመንዙማው የሚታወቀው የዳና አገር ነውና መንዙማ ይዘውልኝ የሚመጡም ብዙ ናቸው። ለመንዙማ አድማጭ ቃሉ ከሁሉ ይቀድማል፤ ድቤው ቤቱን ቢያናውጠው ግጥሙ ካልተሰማ ምን ይረባዋል?

እንግዲህ ቱዊተሯ ስትዳከም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሷ አይደለም። ሳጥኑን ከፍታችሁ ብታዩ ከቱዊተሯ ጀርባ፣ ወይም ከውስጥ ባለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ፣ አንድ ካፓሲተር ታገኛላችሁ። ሥራው ወፍራሙን ድምፅ አግዶ ቀጭኑን ማሳለፍ ነው። በድሮ ቴፕና ዴክ ስፒከሮች ላይ በአብዛኛው የሚገኘው ኤሌክትሮሊቲክ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ውስጡ ፈሳሽ አለበት፣ ፈሳሹም ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል፤ አምራቾቹ ራሳቸው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ብለው ያሰላሉ። ከወልድያ ሲሪንቃን አልፎ ወደ መርሳ የወረደ ሰው የአየሩን ልዩነት ያውቀዋል። በቆርቆሮ ቤት፣ ጣሪያው ሥር ባለ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ካፓሲተሩ ቀድሞ ቢደርቅ አይገርምም። «ታፈነ» ከተባሉት ውስጥ ብዙዎቹ የሚድኑት ልኩ ተመሳሳይ በሆነ የፊልም ካፓሲተር ነው። ፊልሙ ፈሳሽ ስለሌለው አይደርቅም፤ ዋጋውም ከቱዊተር ጋር አይወዳደርም።

ቱዊተሯ በእውነት ተቃጥላ ከሆነ ደግሞ ከብራንዱ ስም በፊት ኦሟን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የምትከላከልበትን ልክ፣ እዩ። 8 ኦም ቱዊተር ከ4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጋር ስትሠራ ከ4,200 ኸርዝ ገደማ ትጀምራለች። በዚያው ካፓሲተር ላይ 4 ኦም ቱዊተር ብትገጥሙ መነሻው ወደ 8,500 ይሸሻል፤ ቮፈሩ ካቆመበት እሷ እስከምትጀምርበት ድረስ መሀሉ ባዶ ይቀራል፣ የሰው ቃል የሚጠፋውም እዚያ ባዶ ውስጥ ነው። የተገላቢጦሹ የባሰ ነው። ለ4 ኦም በተመረጠ ካፓሲተር ላይ 8 ኦም ሲገባ መነሻው በግማሽ ይወርዳል፤ ቱዊተሯ የማትችለው ወፍራም ድምፅ ይጫናትና ትቃጠላለች። ከዚያ ሰውየው «አዲሱ ዕቃ ፎርጅድ ነው» ብሎ ሻጩን ይሳደባል።

ሌላው ጉልበቷ፣ ማለትም በእኩል ኃይል የምትጮኸው መጠን ነው። ቮፈሩ 87 ዴሲቤል፣ አዲሷ ቱዊተር 92 ዴሲቤል ከሆነች ዘፋኙ ሁሉ በፉጨት ያወራል። ከፊቷ አንዲት ተከላካይ፣ ማለትም ሬዚስተር፣ ሲገባ ነገሩ ይስተካከላል። «ቱዊተር አሳደግሁ» ብሎ ራስ ምታት የተረፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ይህች ብቻ ናት።

ፒዬዞ ስለሚባለው የቱዊተር ዓይነትም እቅጩን ልናገር። እንደ ተራው ቱዊተር ኮይልም ማግኔትም የለውም፤ ክሪስታሉ በኤሌክትሪክ እየተለጠጠና እየተኮማተረ ነው ድምፅ የሚሰጠው። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ አይቃጠልም፣ «ያለ ካፓሲተር ይሠራል» እየተባለም ይሸጣል። ለሠርግ ዳስ፣ ለሞንታርቦ ይሁን። ሳሎን ውስጥ ግን ጆሮ ይበሳል፤ እኔ ለቤት አልገጥምም።

ተራዋን ቱዊተር ታዲያ ምን ያቃጥላታል? ከጥምቀትና ከጥር ሠርግ ማግስት ሱቄ በሞቱ ቱዊተሮች ይሞላል። ባለቤቶቹ «ስፒከሩ ትልቅ፣ አምፑ ትንሽ ነው፤ ምን ያቃጥለዋል?» ይላሉ። ያቃጠለው እኮ ትንሽነቱ ነው። አቅሙ ያለቀበት አምፕ ቮልዩሙ ሲገፋ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ሞገድም በዘፈኑ ያልነበረ ብዙ ቀጭን ድምፅ ይፈለፍላል፣ ያም የሚሄደው በቀጥታ ወደ ቱዊተሯ ነው። የኮይሏ ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነች ናት። ጀርባዋ ላይ የተጻፈው «100 ዋት» ለሙሉው ሳጥን ካልሆነ በቀር ለሷ አይደለም።

ሞቱ የተባሉትን ሁሉ ደግሞ አትጣሉ። አንዳንዶቹ በማግኔቱ ክፍተት ውስጥ ማግኔት የሚስበው ጥቁር ዘይት አላቸው። ዘይቱን በፈረንጆች 1963 የሠሩት የናሳ ሰዎች ናቸው፤ ያሰቡትም ለሮኬት ነዳጅ ነበር። በኋላ ስፒከር ሠሪዎች ኮይል ማቀዝቀዣ አደረጉት። ዓመታት ሲያልፉ ይወፍርና ኮይሏን ይይዛታል። ክፍተቱ በጥንቃቄ ከጸዳ ድምፁ ይመለሳል፤ አዲስ ዘይት ካልተጨመረ ግን ኃይል የመሸከም አቅሟ ይቀንሳል፣ ቮልዩሙን መግታት ነው።

አንድ ሽማግሌ ከጊራና በኩል መጥተው ካፓሲተሩንም ቱዊተሩንም ቀይሬላቸው ነበር። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል በካሴት አስገብተው ጥቂት አዳመጡና «ልጄ፣ ይኼ አዲሱ እሽሽ ይላል» አሉኝ።

«አባቴ፣ እሽሽታው የካሴቱ ነው። ድሮም ነበረ፤ የሞተው ቱዊተር ደብቆልዎት ነው።»

«እንግዲያው ይደብቅልኝ» አሉ።

ትክክል ነበሩ። ከካሴት ካሴት ሲገለበጥ የኖረ ዘፈን ላይኛው ድምፁ አልቆ እሽሽታው ብቻ ይቀራል፤ ከስልክ ወደ ስልክ በ128 ኪሎቢት የተላለፈውም ከ16,000 ኸርዝ በላይ እምብዛም የለውም። የሌለውን ድምፅ ቱዊተር አይፈጥረውም። በዚያ ላይ የስልሳ ዓመት ጆሮ ያንን ከፍታ አይሰማም። ስለዚህ «20,000 ኸርዝ ያወጣል» ተብሎ ለተጻፈ ማሸጊያ ተጨማሪ ብር አታውጡ። ለሽማግሌው ሬዚስተሯን አክዬ የቱዊተሯን ድምፅ ዝቅ አደረግሁላቸው፤ አምባሰሉም እሳቸው እንደሚያውቁት ሆነ።

እና ስትመጡ አንዱን ሳጥን ብቻ ተሸክማችሁ አትምጡ። ቀኝና ግራው እኩል መሆን አለበትና ሁለቱንም አምጡ። የተቃጠለችውን ቱዊተር አትጣሏት፤ ኦሟ ብዙ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ተጽፏል። በቃል የምታውቁትን አንድ ዘፈን ወይም መንዙማም ያዙ፤ በሱ ነው የምንሰማው። አዲስ ቱዊተር ግን ሳጥኑ ሳይከፈት አትግዙ።