ግሊዮብላስቶማና የማያቋርጠው የእድገት ምልክት

በሰው አካል ውስጥ ህዋስ የሚከፋፈለው በአመዛኙ ከአካባቢው በሚደርሰው መልእክት ሲሆን፣ መልእክቱን የሚያደርሱትና ተቀብለው ወደ ውስጥ የሚያስተላልፉት ፕሮቲኖች የምልክት ፕሮቲኖች ይባላሉ። ከእነዚህ አንዱ 53 አሚኖ አሲዶች ያሉት ኢጂኤፍ የተሰኘው የእድገት ፕሮቲን ነው፤ አሜሪካዊው ስታንሊ ኮኸን ፕሮቲኑን በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1986 ከሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ኢጂኤፍ በህዋሱ ሽፋን ላይ ካለው ተቀባይ ፕሮቲን፣ ማለትም ከኢጂኤፍአር፣ ጋር ሲጣበቅ ሁለት ተቀባዮች ይጣመሩና አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። ምልክቱ ከዚህ ተነስቶ በዋናነት በሁለት መስመሮች ይጓዛል፤ ራስ በተባለው ፕሮቲን በኩል የሚያልፈው ህዋሱን ለመከፋፈል ሲያነሳሳ፣ በኤኬቲ በኩል የሚያልፈው ደግሞ ከሞት ይጠብቀዋል። ፒቴን የተባለው ፕሮቲን ለሁለተኛው መስመር ልጓም ነው።

በአዋቂዎች ላይ ከሚከሰቱት የአንጎል ካንሰሮች እጅግ አደገኛ በሆነው በግሊዮብላስቶማ ይህ ሥርዓት ይዛባል። ከዕጢዎቹ በግማሽ ያህሉ፣ በ7ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው የኢጂኤፍአር ዘረመል ቅጂው ከመጠን በላይ ይበዛል። ከእነዚህም በብዙዎቹ 267 አሚኖ አሲዶች የጎደሉት፣ ኢጂኤፍአር-ቪ-ሦስት የሚባል ጎዶሎ ተቀባይ ይገኛል፤ ይህ ተቀባይ ኢጂኤፍን መያዝ ባይችልም ያለ መልእክት ሳያቋርጥ ምልክት ይልካል። ፒቴን በጠፋባቸው ዕጢዎች ደግሞ ምልክቱን የሚገታ አይኖርም።

ኢጂኤፍአርን በመዝጋት ዕጢውን ለመግታት የተደረገው ሙከራ ግን እንደታሰበው አልሆነም። በሳንባ ካንሰር ጥሩ ውጤት ያስገኙት ጌፊቲኒብና ኤርሎቲኒብ የተባሉት መድኃኒቶች በግሊዮብላስቶማ ያን ያህል አልጠቀሙም፤ ምክንያቱም በሳንባ ካንሰር ለውጡ የሚታየው በተቀባዩ የውስጥ ክፍል ሲሆን በአንጎል ዕጢ ግን በአብዛኛው በውጫዊው ክፍል ነው፤ በዚያ ላይ በደምና በአንጎል መካከል ያለው መከላከያ መድኃኒቶቹን በሚፈለገው መጠን አያሳልፍም፤ በአንድ ዕጢ ውስጥም ሜትን በመሰለ ሌላ ተቀባይ የሚያድጉ ህዋሳት ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጎዶሎውን ተቀባይ ያነጣጠረው ሪንዶፔፒሙት የተባለ ክትባትም ዕድሜ ማራዘም ባለመቻሉ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2016 ተቋርጧል፤ በሽታው ካገረሸባቸው ታካሚዎች በብዙዎቹ፣ ክትባቱን ባልወሰዱት ላይ ጭምር፣ ይኸው ተቀባይ ከዕጢው ጠፍቶ ተገኝቷል።

በምርመራ ረገድ ግን የኢጂኤፍአር ፋይዳ ጎልቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ምደባ መሠረት፣ አይዲኤች በተባለው ዘረመል ላይ ለውጥ የሌለው የአዋቂ ሰው የተሰራጨ አስትሮሳይቶማ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዝቅተኛ ደረጃ ቢመስልም፣ የኢጂኤፍአር ቅጂ መብዛት ከተረጋገጠ ግሊዮብላስቶማ ተብሎ ይመደባል።