ወባ ለምን ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል?

ወባ በሐምሌና በነሐሴ ቢበረታ ማንንም ባላስገረመ። በኢትዮጵያ ግን ዋናው ወቅቱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። አነስ ያለው ዙር ደግሞ የበልግን ዝናብ ተከትሎ በሚያዝያና በግንቦት ይመጣል።

በአገራችን ዋነኛዋ አስተላላፊ ትንኝ አኖፌለስ አረቢየንሲስ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ጥልቀት የሌለው ውኃ ትወዳለች፤ የከብት ኮቴ ያቆረው፣ ለመንገድ ሥራ አፈር የተዛቀበት ጉድጓድ የያዘው ይበቃታል። ዶፍ ዝናብ እጮቿን ጠራርጎ ይወስዳል፤ ሲያባራ ኩሬው ሁሉ የእሷ ነው። ጎጃም ቡሬ አካባቢ የተደረገ ጥናት በቆሎንም ከነገሩ አስገብቶታል፤ ሲያብብ ኩሬው ላይ የሚረግፈው ብናኝ ለእጮቹ ቀለብ ይሆናል።

ውኃ ብቻውን ግን ወባ አያመጣም። ትንኟ ከታማሚ የመጠጠችው ተሕዋስ ሆዷ ውስጥ አድጎ ምራቋ እስኪደርስ ድረስ ብትናከስም አታስተላልፍም። የቀኑን ብዛት የሚወስነው ሙቀት ነው። ገዳዩ የወባ ተሕዋስ ፋልሲፓረም በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 12 ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ በ20 ዲግሪ አራት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል፤ 16 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ዕድገቱ ይቆማል። አብዛኞቹ ትንኞች ደግሞ አራት ሳምንት አይኖሩም። ደጋ ላይ ወባ የማይበረታው ትንኝ ጠፍታ አይደለም፤ ተሕዋሱ ሳይበስል እሷ ትሞታለች።

ይህ የብርድ አጥር የአንድና የሁለት ዲግሪ ጉዳይ መሆኑ ነው የሚያስፈራው። በ1958 እ.ኤ.አ. ዝናቡም ሙቀቱም ከወትሮው ሲያይል ወባ እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወጣ። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ደገኛው በሽታውን እምብዛም ስለማያውቀው ሰውነቱ መከላከያ አላዳበረም ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የደብረ ዘይት አካባቢን የብዙ ዓመት መረጃ የመረመረ ጥናትም ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አሳይቷል።

አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ የወቅት ስሌት የምታፋልስ እንግዳ መጥታለች። ከእስያ የተነሣችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ተገኘች። የምትራባው ሰው ራሱ ባጠራቀመው ውኃ፣ በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አትጠብቅም። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋን በደረቁ ወቅት የመታው ወረርሽኝ ከእሷ ጋር ተያይዟል። የቤት ለቤት የኬሚካል ርጭት ከመስከረም በፊት እንዲያልቅ ተደርጎ ሲታቀድ የኖረው ለአረቢየንሲስ ነው፤ ለዚህችኛዋ በርሜሉ ዓመቱን ሙሉ መከደን አለበት።