ፈረሰኛውስ?

ባለፈው ፋሲካ እኩለ ቀን ላይ ወደምሠራበት ሆቴል የመጣ አንድ ቤተሰብ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። ሰባት ናቸው። አባትየው ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸው ዘንድ በዓል ሊውሉ ከዳባት ገጠር መጥተዋል። ልጅየዋ እዚሁ ደባርቅ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። "ዶሮ ለሰባት ሰው" አሉ። ከትልቁ ድስት ሰባት ድርሻ ወጣ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ብልት፣ አንድ እንቁላል። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ትሪውን ዙሪያውን አዩና "ፈረሰኛውስ?" አሉ። አስተናጋጇ ወጥ ቤት ድረስ መጥታ ጠየቀችኝ። አልነበረም። ድስቱ ውስጥ የገባው የስድስት ዶሮ ብልት ነበር፤ ፈረሰኛዎቹ ጠዋት ለመጡ ሰዎች ወጥተው አልቀዋል።

አልተቆጡም። እንቁላሉን በሉ፤ ብልታቸውን ለልጅ ልጃቸው አጎረሱ። ልጅየዋ ሒሳብ ከፍላ ስትወጣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች፤ "እትዬ፣ ቤቴ ብሠራው ይሻለኝ ነበር" አለችኝ፤ እንባ ተናንቋት። ያን ጊዜ ሰው በዝቶብኝ አልመለስኩላትም። አሁን ልመልስ፦ አይሻልሽም ነበር፤ ጥፋቱም ቤትሽ አለመሥራትሽ አይደለም።

በእኛ ዘንድ ሴት "ባለሙያ" የምትባለው በዶሮ ወጧ ነው። ስለዚህ በበዓል ቀን ቤተሰቧን ይዛ ሆቴል የገባችውን ሴት ሰው ሁሉ በሰነፍ ዓይን ያያታል። እኔ ግን የሚመጡትን አውቃቸዋለሁ። ሌሊቱን ተረኛ ሆና ያደረች ነርስ አለች። ከሩቅ አገር መጥቶ እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ፣ ወጥ ቤት በሌለው አንዲት ክፍል ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር መምህር አለ። እነዚህ ሰዎች በዓላቸውን አልተዉም። በዓላቸውን ለመዋል ነው የመጡት።

የሚያደክመኝ ሌላ ነገር ነው። "ሆቴል ነው፣ ሁሉም ዝግጁ ነው" የሚለው እምነት። በየበዓሉ ይህንኑ እሰማለሁ። ጥብስ ሲታዘዝ ይሠራል። ዶሮ ወጥ ታዝዞ አይሠራም። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ያህል ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል፤ ያለ ዘይት ያለ ቅቤ ብቻውን ይቁላላል፤ እንዳያር ከላዩ አይራቅም። በርበሬው ገብቶ በጠብታ ውሃ እየታሸ ሲበስል ግማሽ ቀን ሄዷል። ቁሌቱ ሳይበስል የተቸኮለበትን ወጥ ቅቤም መከለሻም አያድነውም።

ደባርቅ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በማይተናነስ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው ገና 90 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ነው። ባሕር ዳር 94 ያህል ነው። አራት ዲግሪ ለሰሚው ትንሽ ይመስላል፤ የሀበሻ ዶሮ የቀቀለ ሰው ግን ልዩነቱን በሰዓት ያውቀዋል። እንቁላሉ እንኳ ይዘገያል። ከቆላ የመጣ አብሳይ መጀመሪያ የሚለው "እሳቱን ጨምሩ" ነው። እሳት ሲጨመር ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አይዘልም። ጊዜ ነው የሚያበስለው።

"ታዲያ ፕሬሸር ኩከር አለ አይደል?" ይሉኛል። አለ። በርግጥም ያበስላል፤ ግን ሥጋው ከአጥንቱ ይላቀቃል፣ ብልቱ ይፈርሳል። አሥራ ሁለቱ ብልት ተለይቶ ካልወጣ አባት የትኛውን ይነሣ? መላላጫው ለማን ይድረስ? የበዓል ዶሮ ለእያንዳንዱ ሰው ቦታውን የሚሰጠው በብልቱ ነው።

የሆቴሎቻችን ወጥ ቤት የለመደው ሌላ እንግዳ ነው። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በዋናነት የምናበስለው ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚወጡ ቱሪስቶች ነበር፤ ሾርባ፣ ፓስታ፣ ለመንገድ የሚቋጠር ምሳ። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ እንግዳው ሳሳ። ዛሬ የሚያኖረን የአገሬው ሰው ነው። ለፈረንጅ ሳንድዊች ስንት ሰው እንደሚመጣ ከሳምንት በፊት ከጎንደር ይነገረን ነበር። ለፋሲካ ዶሮ የአንድ ቀን ወሬ እንኳ አይደርሰንም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው ልብ አይለውም። የፋሲካውን ወጥ ቅዳሜ የምንሠራው ሴቶች ጾመኞች ነን፤ ከዓርብ ጀምሮ የምናከፍልም አለን። ጨዉን ሳንቀምስ ነው የምንለካው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይቆነጥራሉ፣ አፍንጫ ይፈርዳል። ይህን ለአንድ ቤተሰብ ድስት በእርግጠኝነት አደርገዋለሁ። ስንት ሰው እንደሚመጣ ለማይታወቅ የሰላሳ ሊትር ድስት ግን እጄ ይፈራል።

ስለዚህ ቀድማችሁ ንገሩን። ዶሮውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብታመጡ እቀበላለሁ፤ በትንሽ ድስት ለብቻው ሠርቼ አሥራ ሁለቱንም ብልት ቆጥሬ አወጣለሁ። ስንት እንደሆናችሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሌሊት ትመጡ እንደሆነ ወይስ ለምሳ፣ ፈረሰኛውም ለማን እንደሚቀርብ ንገሩኝ። ግን እስከ ጸሎተ ሐሙስ ይሁን። ዓርብ እስከ ማታ ስግደት ላይ ነኝ፤ ቅዳሜ ከንጋቱ ሽንኩርት መክተፍ እጀምራለሁ።