«ሁለተኛውን በሬ እንሽጥ ወይስ ይቅር?»

ሰሞኑን ከቡሬ ገጠር አንዲት እኅታችን የላከችልን ደብዳቤ ረጅም ነው። ዋና ዋናውን ብቻ እነሆ፦

«እናቴ ዕድሜዋ ወደ 55 ይሆናል። ከግራ ጆሮዋ ሥር ሽንብራ የምታህል እብጠት ከወጣችባት 11 ዓመት አልፏል። አታማትም፣ አታሳክካትም፤ ገበያ ስትወጣ በሻሽ ትሸፍናታለች፣ በቃ። አንዱ ጆሮ ደግፍ ነው፣ ሌላው እንቅርት ነው ሲል ዓመቱ ሄደ። ዘንድሮ ግን አደገችና ሎሚ አከለች፤ ስትስቅም ከንፈሯ ወደ አንድ ወገን ይሄድ ጀመር። አጎታችን ‹ብረት ከነካው ይባዛል› ብሎ ቢከለክልም አንዱን በሬ ሸጠን ባሕር ዳር ወስደን አስወጣንላት። አሁን የመጣው ወረቀት ‹ካንሰር ነው፤ ዓይነቱን ለመለየት የፕሮቲን ምርመራ ያስፈልጋል› ይላል። የሚሠራው አዲስ አበባ ነው አሉን። ወንድሜ ‹ይሄ ገንዘብ መልቀሚያ ነው፤ ወጥቶ የለም እንዴ?› ይላል። ሁለተኛውን በሬ እንሽጥ ወይስ ይቅር?»

እኅታችን፣ ወንድምሽን አትቆጪው። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል፤ ያንንም የሸጠ ምን ሊያደርግ ነው? ስለዚህ «ጤና ከሀብት ይበልጣል» ብለን አናልፍም። ምርመራው ምን እንደሚሠራ እንንገራችሁና ራሳችሁ መዝኑት።

ምራቅ ዝም ብሎ ከአፍ የሚፈልቅ ይመስለናል እንጂ ፋብሪካ አለው። ትልልቆቹ ዕጢዎች ሦስት ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ከጆሮ ፊትና ሥር፣ ሌላው ከመንጋጋ በታች፣ ሦስተኛው ከምላስ ሥር። ከነዚህ ሌላ በከንፈር፣ በጉንጭና በላንቃ የተበተኑ ከ600 እስከ 1000 የሚደርሱ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። እብጠት የሚበዛው ከጆሮ ሥር ባለው ነው፤ እዚያ ከሚወጡት ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ካንሰር አይደሉም። የሚገርመው፣ ዕጢው ባነሰ ቁጥር እብጠቱ ክፉ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ላንቃ ላይ የወጣች ሽንብራ ከጆሮ ሥር ካለች ሎሚ ይልቅ ልታሳስብ ይገባል።

የእናትሽ እብጠት ስትጀምር ደግ ሳትሆን አትቀርም። ከደጎቹ መካከል በብዛት የሚታየው ፕሊኦሞርፊክ አዴኖማ የሚባለው ነው፤ ለዓመታት ሳያም ቀስ እያለ ያድጋል። መጥፎነቱ ሲያረጅ መክፋቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ወደ ካንሰር የሚለወጠው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም፤ 15 ዓመት ሲቆይ ግን ከመቶ ወደ አሥር ይጠጋል። ተኝታ የኖረች እብጠት ድንገት ካደገች፣ ወይም ፊት ከተጣመመ፣ ነገር አለ ማለት ነው። ፊታችንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚያልፈው በዚሁ ዕጢ መሐል ነዋ! ደጉ እብጠት ነርቩን ገፋ ያደርገዋል እንጂ ሽባ የሚያደርገው እምብዛም ነው፤ ክፉው ግን ይገባበታል። «ነፋስ መታት» ተብሎ ቤት የሚቀር ስንት ፊት ይኖር ይሆን?

አጎትሽም ቢሆኑ ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። ይህች እብጠት ሽፋኗ ስስ ነው፤ እንደ ቡጉንጅ ተፈልቅቃ ከወጣች ፍርፋሪዋ ይቀርና ከዓመታት በኋላ ብዙ ሆና ትመለሳለች። ጥፋቱ ግን የብረቱ ሳይሆን የአወጣጡ ነው። ለዚህ ነው አዋቂ ሐኪም ነርቩን እየጠበቀ ከዙሪያዋ ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር የሚያወጣት። በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ ደግሞ ያባዛል ተብሎ የሚፈራ ነገር አይደለም። የሚፈራስ በጋለ ብረት መተኮስና የቁልቋል ወተት መቀባት ነው፤ ቆዳውን አቁስሎ የኋላውን ኦፕራሲዮን ያከብደዋል።

ወደ ፕሮቲኑ እንምጣ። የወጣው ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ይቆይና ሰም ውስጥ ይቀበራል። ከዚያ ከፀጉር በቀጠነ ስስ ቅጠል እየተላጠ፣ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አብዛኛው እብጠት በዚህ ብቻ ይታወቃል፤ ሌላ ወጪ የለውም። የምራቅ ዕጢ ካንሰር ግን ከ20 የማያንስ ዓይነት አለው፤ አንዳንዶቹም እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። ያኔ ሐኪሙ መልካቸውን ማየት ብቻ ስለማይበቃው ሥራቸውን ይጠይቃል። ሴል ሁሉ እንደ ዓይነቱ የሚሠራው ፕሮቲን አለው፤ ያንን ፕሮቲን ፈልጎ የሚይዝ አንቲቦዲ ይፈስበታል፤ ካገኘው ቡናማ ቀለም ይወጣል። እንደ ሽምግልና ነው፤ የአንዱ ምስክር ቃል አይበቃም፣ የብዙዎቹ ተገናዝቦ ነው የሚፈረደው።

ስማቸው ደግሞ ያስቃል። ዶግ 1 የሚባል አለ፤ ውሻ ማለት ግን አይደለም፣ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። እሱ አሲኒክ ሴል የሚባለውን ካንሰር ያጋልጣል። ኤስ 100 እና ማማግሎቢን ጎልተው ዶግ 1 ከጠፋ ነገሩ ወደ ሴክረተሪ ካርሲኖማ ያመዝናል፤ ይህ ዓይነት ራሱን ችሎ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፣ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አሲኒክ ሴል ይባል ነበር። ኪ 67 ዓይነት አይናገርም፤ ሴሉ ምን ያህል እየተባዛ እንደሆነ ነው የሚቆጥረው። «ኪ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነው ኪል በምትባል የጀርመን ከተማ ስለሆነ ነው።

ለእናትሽ ግን ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፦ ሄር 2 እና የወንድ ሆርሞን ተቀባይ (በሴትም ይገኛል፣ አትደንግጪ)። ከአሮጌ ደግ እብጠት ውስጥ የሚነሳው ካንሰር ብዙ ጊዜ ሳሊቨሪ ዳክት የሚባለው ኃይለኛው ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ይታያሉ። ሄር 2 ከተገኘ ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ትራስቱዙማብ ለዚህም ሊረዳ ይችላል፤ የሆርሞን ተቀባዩ ከተገኘም ሆርሞኑን የሚገታ መድኃኒት አለ።

እንግዲህ ፍርዱ። ወረቀቱ «ደግ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል» ቢል ኖሮ አንድ ሳንቲም አታውጡ እንል ነበር። የናንተው ግን «ካንሰር ነው፣ ዓይነቱ አልተለየም» ስለሚል ምርመራው ገንዘብ መልቀሚያ አይደለም። ሆኖም በሬው ከመሸጡ በፊት ሐኪሙን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «ውጤቱ የእናቴን ሕክምና ይለውጠዋል ወይ? የትኞቹ ፕሮቲኖች ናቸው የግድ የሚያስፈልጉት?» ዝርዝሩ ባጠረ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል። መድኃኒቱ ከአቅማችሁ በላይ ከሆነም አስቀድሞ በግልጽ ይነገራችሁ። የጨረር ቀጠሮ ከተሰጣት ግን የፕሮቲኑን ውጤት እንጠብቅ ብላችሁ እንዳታሳልፉት። የጤና መድን አባል ከሆናችሁ የሪፈር ወረቀቷን ያዙ፤ ምን ያህሉን እንደሚሸፍን ጠይቁ።

ደግሞስ እናትሽ ለዚህ ምርመራ አዲስ አበባ ትሂድ ያለው ማን ነው? ከቡሬ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ የተዘጋበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። መጓዝ ያለበት ሰሙ ነው! ሥጋው የተቀበረበት ሰም በክብሪት ቀፎ የሚገባ ነው። ከውጤቱ ቅጂ ጋር እንዲሰጣችሁ ባሕር ዳር የመረመረውን ላቦራቶሪ ጠይቂ፤ በታማኝ ሰው ይላክ። ፀሐይ የሚመታው የመኪና መስኮት ሥር አይቀመጥ፤ ሰም ነውና ይቀልጣል።

ገና ያላስወጣችሁ የፍኖተ ሰላም፣ የጃቢ ጠህናንና የደምበጫ አንባቢዎችም አድምጡ። የወጣ ሥጋ ትንሽ ነው ተብሎ አይጣል። ናሙናውን ራሳችሁ ተሸክማችሁ የምትሄዱ ከሆነ መያዣው አፈ ሰፊ ይሁን፤ ከሥጋው አሥር እጥፍ የሚሆን ፎርማሊን ይኑረው። ውኃ ወይም አረቄ ውስጥ የከረመ ሥጋ ለፕሮቲን ምርመራ እምነት አይጣልበትም። ፎርማሊን ውስጥም ቢሆን ከሦስት ቀን በላይ ሳይቆይ ቢደርስ ይመረጣል።

እኅታችን፣ አንድ ያልጠየቅሽው ነገር አለ። ከንፈሯ የተጣመመው ነርቡ ተነክቶ ነው ካልን፣ በዚያው በግራ በኩል ዓይኗ ስትተኛ ሙሉ በሙሉ መከደኑን ዛሬ ማታ እዪ። ካልተከደነ ይደርቅና ብሌኑ ይቆስላል። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወይም ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ወስደሽ የዓይን ቅባት እንዲያዙላትና ሌሊት እንዴት እንደሚሸፈን እንዲያሳዩሽ አድርጊ፤ ይሄኛው በሬ አያሸጥም።